ዘጠነኛው ቅዳሜ

አሜሪካ፣ በምሥራቅ ኦክላንድ በምኖርበት ሰፈር ቢራ ለመግዛት መንገዱን መሻገር ይበቃ ነበር። ጎመን ለመግዛት ግን ሁለት አውቶቡስ መያዝ ያስፈልጋል። ትልቁ የምግብ መደብር እኔ ወደዚያ ሕንፃ ከመግባቴ በፊት ተዘግቶ፣ መስኮቶቹ በጣውላ ተመትተው፣ የመኪና ማቆሚያው ሜዳ ሆኖ ቀርቷል። የሰፈሩ ጓዳ ከፊት ለፊታችን ያለው ሊከር ስቶር፣ የመጠጥ መሸጫው ነበር። ባለቤቱ የመናዊ ነው። ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ ሰፈራችን አረብ ቤት ነበረ፤ ስኳሩም ክብሪቱም ከዚያ ነበር የሚመጣው። ስለዚህ ሰውዬውን መጀመሪያ ቀን ከመስታወቱ ጀርባ ቁጭ ብሎ ሳየው ደስ አለኝ። ደስታዬ መደርደሪያውን እስካይ ድረስ ቆየ። ቢራ፣ ሲጋራ፣ ቺፕስ፣ ነጭ ዳቦ፣ የታሸገ ባቄላ፣ ለስላሳ። ከመሬት የበቀለ ነገር ቢባል አንድ ቅርጫት ሽንኩርት ብቻ ነበር፤ እሱም ቆይቶ ቆይቶ አረንጓዴ ቀንድ አብቅሏል።

የጾሙን ሕግ ብቻ ለሚቆጥር ሰው ይህ ሱቅ እንከን አልነበረበትም። ቺፕስ የጾም ነው። ለስላሳም የጾም ነው። የታሸገውን ባቄላ ብቻ መዝገበ ቃላት ይዤ አነብ ነበር፤ አንዳንዱ የአሳማ ስብ አለበት። የመጀመሪያውን የኦክላንድ ሁዳዴ በዚህ ጾምኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀመስኩም፤ ከዘጠኝ በኋላም ሥጋና ወተት ወደ አፌ አልደረሰም። በርክሌ አንድ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር የምሠራው። በሰሙነ ሕማማት ሰኞ አንሶላ ሳጥፍ ዓይኔ ጨለመና ጋሪው ላይ ተደፋሁ።

አለቃዬ ፊሊፒናዊት ነበረች፤ ደግፋ ካስቀመጠችኝ በኋላ ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። አንድ በአንድ ነገርኳት።

«ይሄ ጸሎት አይደለም» አለች፣ «ይሄ የሕፃን ልደት ድግስ ነው።»

ተቀየምኳት። የመናዊው ሱቅ ስገባ ግን እጄ ቺፕሱ ላይ ሲያርፍ የሷ ቃል ይመጣብኝ ጀመር።

በሚቀጥለው ዓመት የቅበላ እሑድ፣ በተውሶ በምንቀድስበት አዳራሽ ከቅዳሴ በኋላ ወንበር ስናነሳ ለሴቶቹ ነገሩን አወጣሁ። በዚያ ሰፈርና በዙሪያው የምንኖር ሰባት ቤቶች ነበርን፤ ሁላችንም ችግሩ አንድ ነው። «ዕቁብ እንጣል» አልኩ። «የገንዘብ አይደለም፤ የጎመን።»

«ዕጣ የደረሳት ጎመኑን ይዛ ብትጠፋስ?» አለች አንዷ፣ ሁሉም ሳቀ።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ሳን ሆዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍሊ ማርኬት የሚሉት የሜዳ ገበያ ይቆማል፤ ገበሬዎች ከማሳቸው ያመጡትን በሣጥን ይሸጣሉ። ዕጣ የወጣላት ቅዳሜውን ትሄዳለች፣ ለሁሉም ትገዛለች፣ ለየቤቱ ታከፋፍላለች፤ የሌሎቻችን ቅዳሜ ከአውቶቡስ ያርፋል። ሁዳዴ ስምንት ቅዳሜ አለው። እኛ ሰባት ነን። አንድ ቤት ጎደለን፣ መኪና ደግሞ ማንም የለውም።

ሁለቱንም የሞላችልን ከበላዬ የምትኖረው ሙስሊም ወሎዬ ነበረች። ከባሏ ጋር ነበር የምትኖረው፤ ባሏ ታክሲ ይነዳል፤ ከታክሲው ሌላ አንድ ያረጀ ረጅም መኪና ነበራቸው። ወሬውን ከየት እንደሰማች አላውቅም፣ ደረጃው ላይ ያዘችኝ።

«ሰባት ናችሁ አሉ። ስምንተኛ አትሹም?»

«የሁዳዴ እኮ ነው» አልኩ።

«ጎመን ደግሞ መቼ ነው ክርስትና የተነሣው?»

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር ጠንቃቃ ነኝ። ሥጋችን ይለያያል፤ የሷን ቤት ሥጋ እኔ አልበላም፣ የኔን እሷ አትበላም፤ አገር ቤትም እንዲሁ ተከባብረን ነው የኖርነው። በጾም ምግብ ግን ከአንድ ትሪ መቁረስ እንችላለን፤ ይህን እሷም ታውቃለች እኔም አውቃለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ያን ዕለት እሺ ያልኳት ይህን አስቤ አይደለም። መኪናዋን አስቤ ነው።

መንገዱን ከኔ ይልቅ እሷ ታውቀው ነበር። ቀድሞ ኩፐርቲኖ ቢሮ ታጸዳ ነበርና ሳን ሆዜን እንደ መዳፏ ታውቃለች። በነዳች ቁጥር ታሳየኛለች፦ «ይሄ ባለፈው ዓመት የፕለም ዛፍ ነበር። ያም የአፕሪኮት ነበር። አሁን ሰዎቹ ኮምፒውተር ተከሉበት።» ገበያው ውስጥ ሜክሲካውያንና ቬትናማውያን ገበሬዎች ነበሩ፤ ጎመኑ ጤዛው አልደረቀም፣ ቃሪያው ሲሰበር ይጮኻል። ለአንድ ከረጢት ቺፕስ በምንከፍለው ሁለት እስር ጎመን ይገኝ ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ ተመልሰን መኪናው ሲከፈት ሕንፃው በሙሉ የዝናብ ሽታ ሸተተ።

ምድር ቤት የሚኖሩት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ያን ዕለት ነው በሬን ያንኳኩት። ስማቸውን አውቃለሁ፣ ግን በልቤ እማማ ነበር የምላቸው፤ እዚህም በዚያው ልጥራቸው። ሉዊዚያና ተወልደው፣ ወጣት ሳሉ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መርከብ መሥሪያ ሊቀጠሩ የመጡ ናቸው። ስኳር አለባቸው። ግራ እግራቸው ጣት ላይ ለወራት አልድን ያለ ቁስል ስለነበረባቸው በከዘራ ነበር የሚሄዱት፤ አውቶቡስ መሳፈር ትተዋል፣ የሚበሉትም ከፊት ለፊቱ ሱቅ ነው።

«ቤቢ፣ ያ የግሪንስ ሽታ ካንቺ ቤት ነው?»

«አዎ ማም።»

ሳይጋበዙ ገብተው ድስቱን ከፈቱ። ግሪንስ ያሉትን ጎመን በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ነበር የሠራሁት። ቀመሱና ድስቱን በማንኪያ ፈተሹ።

«ሥጋው የታል?»

«ጾም ነው ማም። ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ አንበላም።»

«ሃምሳ አምስት ቀን!» አሉ። «ምን አድርገሽ ነው እንዲህ የተቀጣሽው?»

እያሳቁኝ ሁለት ጭልፋ በሉ። ሐኪማቸው አትክልት ይብሉ እንዳላቸው፣ እሳቸውም «ሊከር ስቶር ውስጥ የበቀለ እንደሆነ» ብለው እንደመለሱለት ነገሩኝ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ከስምንቱ ድርሻ ጥቂት ጥቂት ቆንጥረን ዘጠነኛ ድርሻ አወጣን። በሰማያዊ የጨርቅ ከረጢቴ አድርጌ በራቸው እጀታ ላይ አንጠለጥላለሁ። እሳቸው በሚቀጥለው ቅዳሜ ጧት ከረጢቱን ከጓሮው ዛፍ በለቀሙት ሎሚ ሞልተው እዚያው ይሰቅሉታል። በኛም ደንብ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ይህን ማንም ሳይነግራቸው ማወቃቸውን ወደድኩት።

በአምስተኛው ሳምንት ከክሊኒክ ሲመለሱ ደረጃው ሥር ቆመው ጠሩኝ። ስኳራቸው ወርዷል። «ነርሷ ምን አድርገሽ ነው አለችኝ፣ ፎቅ ላይ ኢትዮጵያውያን አሉኝ አልኳት» አሉ፣ መድኃኒት እንዳዘዝንላቸው ሁሉ። ቁስሉም ዳር ዳሩን መድረቅ ጀምሮ ነበር። ጫማቸውን አውልቀው አሳዩኝ፤ እኔም አይቼ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፣ እና በውስጤ ትንሽ ኮራሁ። ጾሜ ለሰው ተረፈ አልኩ።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እማማ እሳቸው በተራቸው ጎመን ሠርተው፣ በጎድጓዳ ሳህን ይዘው ወጡ። ወሎዬዋም እኔ ቤት ነበረች። ሲከፍቱት በመሐሉ ያጨሰ የአሳማ እግር ተጋድሟል። ወሎዬዋ እኔን አየች፣ እኔ እሷን አየኋት። በዓለም ላይ እኔና እሷ አብረን እምቢ የምንለው ሥጋ ቢኖር ይሄ ነበር። አስረዳናቸው፤ እሳቸውም ስቀው «እሺ፣ ለኔ ተረፈኝ» ብለው ይዘውት ወረዱ። እኛ ጉዳዩን እዚያው ረሳነው።

ስምንተኛው ዕጣ ቅዳም ሹር ላይ ነበር የዋለው። እኛ አክፍለን ቤተ ክርስቲያን ስንውል ማን ገበያ ይወጣል? ወሎዬዋ «እኔ እሄዳለሁ፣ እናንተ ጹሙ» አለችና ብቻዋን ነድታ ሄደች። ለሰባታችን የዶሮ ወጥ ሽንኩርት፣ ለእማማ ጎመን አምጥታ አከፋፈለች። በማግስቱ ፋሲካ ሆነ፤ ዕቁቡም ዙሩን ጨርሶ ተዘጋ። ሁሉም ደርሷታል፣ ማንም አልቀረም፤ ዕቁብ የሚያልቀው እንዲህ ነው።

ያን ዓመት ረመዳን ፋሲካችን በወጣ በሳምንቱ ገባ። ዋዜማው ዓርብ ወሎዬዋ ደረጃው ላይ «ነገ እንሄዳለን?» አለችኝ።

«ኧረ ጾሙ አለቀ እኮ!» አልኳት። «ደግሞ አንቺም ነገ ትጾሚያለሽ። በውኃ ጥም ሳን ሆዜ ድረስ ልትነጂ ነው? እረፊ።»

ለሷ ያዘንኩ መስሎኝ ነበር።

ዘጠነኛው ቅዳሜ ጧት ከረጢቱ እማማ በር ላይ ሎሚ ሞልቶ ተንጠልጥሎ ነበር። ሎሚውን ወሰድኩ። ባዶውን ላለመመለስ ከበዓሉ የተረፈ አንድ ትልቅ የድፎ ቁራሽ ጠቅልዬ ከተትኩበት። ስኳር ላለበት ሰው! ያን ጊዜ ግን አልታየኝም፤ በዓል ነበራ፣ እጄም ለጋስ ነበረች።

በአሥረኛው ቅዳሜ ከረጢቱ ባዶውን ተሰቅሏል። ዕቃዬን መለሱልኝ ብዬ ወሰድኩት፤ አጥቤ፣ አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ለምን ባዶውን ብዬ እንኳ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቅዳሜ እጀታው ላይ ምንም አልነበረም። ምን ሊኖርበት ይችላል? ከረጢቱ እኔ ቤት ነው።

ረቡዕ ቀን ነበር። በሃምሳው ረቡዕ አይጾምምና ከሥራ መጥቼ የሥጋ ወጥ እያሞቅሁ ሳለ አምቡላንስ ከደጃፋችን ቆመ። ስወርድ እማማን በቃሬዛ ሲያወጧቸው ደረስኩ። ወሎዬዋ ነጠላዋን ተከናንባ በሩ ላይ ቆማለች፤ ወደ ሥራ ስትወጣ ሲያቃስቱ ሰምታ እሷ ናት የጠራችላቸው። በሩ ክፍት ስለነበር ማድ ቤታቸው ይታየኝ ነበር፤ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጎን የታሸገ ባቄላ ቆርቆሮ ተደርድሯል።

ስኳሩ ሽቅብ ወጥቶ፣ ቁስሉ መርዟል። ሁለት ጣት ተቆረጠ። ሐኪሙ ስኳሩ ካልወረደ የሚቀጥለው እግሩ ነው ብሏቸዋል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከወሎዬዋ ጋር ልንጠይቃቸው ሄድን። ትራሱ ላይ ቀና ብለው፣ እኛን ሲያዩ ፊታቸውን አስተካከሉ።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አሉ። «ያ የአሳማ እግር ነው ያስቀየማችሁ?»

አልገባንም።

«በሳህን ያመጣሁላችሁ። ከዚያ ወዲህ እኮ ነው የቀራችሁት። አንድ ቅዳሜ ሎሚ ሰቀልኩ፣ ዳቦ መጣልኝ። በሚቀጥለው ባዶውን ሰቀልኩት፣ ምናልባት ሎሚ ሰልችቷቸው ይሆናል ብዬ። ከረጢቱ ራሱ ጠፋ። ያኔ በቃ ገባኝ አልኩ።»

ወሎዬዋ በክርኗ ገፋ አደረገችኝ፤ መናገር የሚገባኝ እኔ ነበርኩ።

«አልተቀየምንም ማም» አልኩ። «ጾሙ አልቆ ነው።»

እማማ ወደኔ ዘንበል አሉ።

«ማለትሽ፣ አትክልት የምትበሉት እግዚአብሔር ሲያያችሁ ብቻ ነው?»

ወሎዬዋ ሳቀች። እማማም ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ብርድ ልብሱ እግራቸው ዘንድ በሽቦ ከፍ ብሎ እንደ ድንኳን ቆሟል፣ ዓይኔን ከዚያ ማንሣት አቃተኝ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ወሎዬዋ መጀመሪያ «አብሽሪ» አለችኝ። ትንሽ ከነዳች በኋላ ግን እንዲህ አለች፦ «ዕጣው ውስጥ ስማቸው አልነበረማ። ስማቸው ቢኖር ኖሮ ዙሩ ሲዘጋ ትነግሪያቸው አልነበር?»

ይህ ነገር ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብሮኝ ኖሯል። ዕቁብተኛ አላደረግናቸውም፤ ምጽዋት ተቀባይ ነው ያደረግናቸው። ዕቁብተኛ ተራውን ያውቃል፣ የሚዘጋበትን ቀን ያውቃል፣ ቢቀርበት ይጮኻል። ምጽዋት ተቀባይ በሩ ላይ ባዶ ከረጢት ሰቅሎ ይጠብቃል። እኔ ጾም ማለት ከምግብ መራቅ ነው ብዬ፣ የራቅሁትን በየቀኑ ስቆጥር ነበር። ለእማማ ግን እኛ የጾም የምንለው ምግብ የመዳኛቸው ምግብ ነበር፤ ፋሲካ የለውም። የትልቁን መደብር መዘጋት ስናማ ከርመን፣ እኛም የራሳችንን ሱቅ በበዓል ዘጋንባቸው።

እማማ ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት ምን እናድርግ ብለን ተማከርን። ሌላ ከረጢት መስቀል አልፈለግንም። አንድ ቀን ደግሞ እኛም እንታመማለን፣ ወይ ቤት እንለውጣለን። ወሎዬዋ ነጠላዋን አስተካክላ «ነይ» አለችኝና ቀጥታ መንገዱን ተሻግረን የመናዊው ሱቅ ገባን።

«አሰላሙ ዓለይኩም» ብላ ጀመረች። ከመስታወቱ ጎን አንድ ሣጥን የሚይዝ ቦታ እንዲሰጠን ጠየቀችው። ጎመን፣ ካሮት፣ ቲማቲም በየቅዳሜው እናመጣለን፣ እሱ ይሸጣል።

ራሱን ነቀነቀ። «እህቴ፣ ጎመን ይሞታል። ቢራ አይሞትም።»

«አንተስ አትሞትም?» አለችው። «በረመዳን ቢራ ስትሸጥ የዋልክ ሰውዬ፣ አንድ ሣጥን ጎመን ብትሸጥ ምን ይልህ ይመስልሃል የላይኛው?»

የሚቆጣ መስሎኝ ወደ በሩ ዞር አልኩ። ሰውዬው ግን ፊቱን በሁለት እጁ አበሰና «ሚስቴም እንደዚሁ ነው የምትለኝ» አለ። ከዚያ ወደ ንግዱ ተመለሰ፤ የሚበላሸውን ማን ይችላል? እስከ ሰኞ ያልተሸጠውን እኛ እንወስዳለን አልነው። ሽንኩርቱን ከቅርጫቱ አንሥቶ ቦታውን ሰጠን።

ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች ስነግራቸው ከሰባቱ ቤቶች ሁለቱ ብቻ ከኔ ጋር ቆሙ። «በሃምሳው ጎመን?» አሉ ሌሎቹ። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም ከአንድ ወር በፊት ያልኩት እሱን ነው። ከወሎዬዋ ጋር አራት ሆንን፣ በወር አንድ ተራ ለየአንዳንዳችን ደረሰ። ይህን ዙር ግን የሚዘጋበት ቀን አልቆረጥንለትም። ያልተሸጠውን ስንበላ ሃምሳው አለቀ፤ ጎመን በሥጋ እየሠራሁ፣ ሥጋውን እያሳነስኩ።

የመጀመሪያው ሣጥን ሱቅ በገባበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እማማ ከቤታቸው ወጡ። ሁለት ክራንች ይዘዋል፤ በግራ እግራቸው ፊቱ ክፍት የሆነ የሐኪም ጫማ አለ። ልደግፋቸው እጄን ስዘረጋ በክራንቹ አስጠነቀቁኝ። ሰማያዊውን ከረጢት ከመሳቢያ አውጥቼ ይዤ ነበር፤ እሱን ብቻ ተቀበሉኝና አንገታቸው ላይ አጠለቁት። ወሎዬዋ መሐል መንገድ ላይ ቆማ መኪናዎቹን በእጇ አገደች፤ አንዱ ጥሩንባ ሲነፋባት «ትንሽ ጠብቅ!» ብላ በአማርኛ ጮኸችበት።

ሱቁ ውስጥ ሣጥኑ ላይ ጎንበስ አሉ። የላዩን እስር አንሥተው ቅጠሉን ገለበጡ፣ ግንዱን በጥፍራቸው ጫን አደረጉ፣ ወደ ጎን ጣሉት። ሁለተኛውንም ጣሉት። የመናዊው አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያል።

«ማነው ይሄን የመረጠው?» አሉ።

«እኔ ነኝ ማም።»

«ቤቢ፣ አንቺ ጸሎት ታውቂ ይሆናል፤ ግሪንስ ግን አታውቂም። ግንዱ የደረቀ ከሆነ ከትናንት ወዲያ የተቆረጠ ነው። ለገበሬው ይሄን ንገሪው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይሄን ብታመጪ አልገዛሽም።»

ከሥር ሦስት እስር መርጠው ከረጢቱ ውስጥ ከተቱ፣ ከፈሉ። ወደ በሩ ሲዞሩ ክራንቹን አመቻቹና፣ ማንንም ሳይዙ፣ ያን እግራቸውን ቀስ ብለው ደፉን አሻገሩት።